የልጆች ኩላሊት ከቀዶ ሕክምና በኋላ



አንድ ሕፃን ጤናማ መስሎ ሳለ ከኩላሊቶቹ አንዱ ውስጥ ውስጡን ሊጎዳ ይችላል። ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርድበት ቀጭን ቧንቧ ከመነሻው ጠቦ የተገኘ እንደ ሆነ፤ ሽንቱ ወደ ኋላ እየተጠራቀመ ኩላሊቱን ይነፋዋል። ይህ ችግር ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ልጆች፤ ከቀኙም ይልቅ በግራው ኩላሊት ይበዛል።

ቀላል የሆነው በክትትል ብቻ ይሻላል። ለከበደው ግን አንደርሰንና ሃይንስ የተባሉ ሐኪሞች በ1949 እ.ኤ.አ. የገለጡት ቀዶ ሕክምና እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይኸውም የጠበበውን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ ጤናማውን ከጤናማው ጋር መስፋት ነው። ከመቶው ልጆች ከ90 በላይ ለሚሆኑት መንገዱ በደኅና ይከፈታል።

ይሁን እንጂ የመንገዱ መከፈትና የኩላሊቱ ማገገም አንድ ነገር አይደለም። ቦዩ ቢጠረግም ውሃ የተኛበት ማሳ ሁሉ መልሶ አያበቅልም። እያንዳንዱ ኩላሊት በአማካይ 1 ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ እነዚህም በእርግዝና 36ኛው ሳምንት ገደማ ተሠርተው ያበቃሉና የጠፋው አይተካም።

እንግዲህ የትኛው ኩላሊት እንደሚያገግም አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን? ተመራማሪዎች መልሱን ከኩላሊቱ ሥጋ ይፈልጋሉ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከኩላሊቱ እጅግ ትንሽ ቁራጭ ወስደው፤ ጠባሳው ምን ያህል እንደ በዛ፤ ማጣሪያዎቹም እንደ ደረቁ ወይም እንዳልደረቁ በማይክሮስኮፕ ይመረምራሉ። ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታ የተባለውን፤ ሕዋሳት ጠባሳ እንዲሠሩ የሚያዝዘውን ንጥረ ነገርም ይለካሉ። ጠባሳ የበዛበት ኩላሊት የማገገም ተስፋው ያነሰ መሆኑን ብዙ ጥናቶች አመልክተዋል፤ ሆኖም ሁሉም በአንድ ቃል አልተስማሙም። ትንሿ ቁራጭ የመላውን ኩላሊት ሁኔታ ላታሳይ ትችላለች፤ መቁረጡም ደም ሊያፈስስ ይችላል። ስለዚህ ይህ ምርመራ የዘወትር ሥራ አልሆነም፤ ልጅን ሳይጎዱ ከሽንት የሚገኙ ምልክቶችም እየተጠኑ ናቸው።

እስከዚያው ድረስ ሐኪሙ የሚመራው በአልትራሳውንድና የኩላሊትን ሥራ በሚለካው ምርመራ ነው። እነዚህም የሚጠቅሙት ወላጅ ልጁን በቀጠሮው ቀን ሲያቀርብ ነው። ኩላሊት ያለ ሕመም ሊደክም ይችላልና፤ ቁስሉ ደርቋል፤ ልጁም ይጫወታል በማለት ቀጠሮውን አንተው።