ያውቁ ኖሯል? ድር የማያደራው አዳኝ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብንልም ሸረሪት ሁሉ በድር አያድንም። የሸርጣን ሸረሪት የሚባለው ወገን የፊት እግሮቹን ዘርግቶ አበባ ላይ ያደፍጣል። በኢትዮጵያም ይገኛል።

● ቀለም ለዋጯ፦ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የምትኖር አንዲት ዝርያ ነጭ አበባ ላይ ነጭ ናት፤ ቢጫ አበባ ላይ ስትሰነብት በቀናት ውስጥ ቢጫ ትሆናለች።

● መደበቅ ብቻ አይደለም፦ በአውስትራሊያ የምትኖር አንዲት ነጭ የሸርጣን ሸረሪት ለእኛ ዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ታንጸባርቃለች። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ንቦች ሸረሪቷ ያለችበትን አበባ ይመርጣሉ። ቀለሟ ማጥመጃዋ ነው ማለት ነው!

● ይሞክሩት፦ በማንጎና በሙዝ ማሳዎች ዳር ሲያልፉ አበባ ላይ ያረፈች ንብ አልንቀሳቀስ ካለች ጠጋ ብለው ይዩ። አንገቷን የነከሰ፣ አበባውን የመሰለ አዳኝ ከሥሯ ሊኖር ይችላል።