ፒክአፑ መጎተቱ ብቻ አይበቃም፤ ማቆምም አለበት

ኅዳርና ታኅሣሥ የመኸር ሰብል ታጭዶ፣ ተከምሮ የሚወቃበት ወቅት ነው። በዚህ ወቅት በገጠር መንገዶቻችን ከሚታዩት አንዱ ባለ ሁለት ጎማ የመውቂያ ማሽን ከኋላው ያሰረ ፒክአፕ መኪና ነው። ጠዋት በአንዱ ቀበሌ ስንዴ ሲያስወቃ ይውላል፤ ማታ ወደ ሌላው ቀበሌ ይሻገራል። ውቂያው ሲያበቃም ሥራ አይፈታም። ተሳቢ አስሮ ድንች ወደ ገበያ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደ ቀበሌ፣ የውኃ ፓምፕ ወደ መስኖ ማሳ ያደርሳል።

በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ገንዘብ አዋጥተው ለገዙ አርሶ አደሮች ይህ መኪና እንደ ጥማድ በሬ የሥራ መሣሪያ ነው። በሬ ሲታመም እርሻው እንደሚቆም ሁሉ፣ ፒክአፑ በውቂያ ወቅት ሲሰበር ማሽኑም፣ ሠራተኛውም፣ ወረፋ የሚጠብቀው አርሶ አደርም አብረው ይቆማሉ። ክምሩ ደግሞ ያለ ወቅቱ ለሚጥል ዝናብ ይጋለጣል። ከዚህ የሚከፋው ግን መኪናው ቁልቁለት ላይ እያለ ፍሬኑ እምቢ ሲል ነው።

ፒክአፕ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ “ይጎትታል ወይ?” የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በቂ አይደለም። የናፍጣ ሞተር በአንደኛ ማርሽ ከአቅሙ በላይ የሆነን ጭነት እንኳን ከቦታው ማንቀሳቀስ ይችላል። አሳሳቹም ይኸው ነው። መነሣት የቻለ ጭነት ሁሉ መቆም የሚችል ይመስላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው “ያቆማል ወይ?” የሚለው ነው።

ክብደቱን በኩንታል እንቁጠር

እያንዳንዱ ፒክአፕ ሁለት የክብደት ወሰን አለው። አንደኛው በራሱ ጀርባ የሚሸከመው ሲሆን ሁለተኛው ከኋላው የሚጎትተው ነው። ሁለቱም በፋብሪካው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ። እንደ መኪናው ዓይነት፣ ሞተርና የተሠራበት ዓመት ስለሚለያዩ “የጎረቤቴ መኪና ይህን ያህል ይጎትታል” ብሎ መነሣት አያዋጣም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባዶው ተሳቢ 500 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። በላዩ 15 ኩንታል ስንዴ ቢጫንበት ጠቅላላ ክብደቱ 2,000 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 200 ኪሎ ግራም ያህሉ፣ በመጎተቻ መንጠቆው በኩል በፒክአፑ ላይ ያርፋል። ጋቢናው ውስጥ አምስት ሰዎች ሲቀመጡ ሌላ 350 ኪሎ ግራም ገደማ ይጨመራል። በመኪናው ጀርባ ደግሞ 3 ኩንታል ዘር ቢጫን ፒክአፑ ራሱ የተሸከመው 850 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፖች የመሸከም አቅማቸው አንድ ቶን ወይም ከዚያ ያነሰ በመሆኑ፣ “ጀርባው ላይ ሦስት ኩንታል ብቻ ነው ያለው” የተባለው መኪና ከወሰኑ አፋፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል። የብዙ ፒክአፕ አምራቾች መመሪያ ፍሬን አልባ ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ይገድባል። በምሳሌያችን ያለው ተሳቢ ባዶውን 500 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ፍሬን ከሌለው ሊጫንበት የሚገባው ሁለት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው። በየብየዳ ቤቱ ፍሬን ሳይገጠምላቸው የሚሠሩ ተሳቢዎች ስላሉ፣ ገዥው ከመክፈሉ በፊት የተሳቢውን ፍሬን ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ማየት አለበት።

ጭነቱ የት ይቀመጥ?

ክብደቱ በወሰኑ ውስጥ ሆኖም አቀማመጡ ከተበላሸ አደጋ ያመጣል። የተሳቢው የኋላ ክፍል ከከበደ አፍንጫው ሽቅብ ይነሣል፤ የፒክአፑም የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ። ከዚያም ፍጥነት ሲጨምር ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። በአንጻሩ ጭነቱ ከመጠን በላይ ወደ ፊት ከተገፋ የፒክአፑ የኋላ ባሌስትራ ይጎብጣል፤ የፊት ጎማዎቹ ይቀሉና መሪው አልታዘዝ ይላል።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ከጭነቱ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው ከተሳቢው ጎማዎች በፊት በኩል መሆን አለበት። በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ተመራጭ ነው። ከባዱ ዕቃ ከሥር፣ ቀላሉ ከላይ ተደርጎ በጠንካራ ገመድ ይታሰራል።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን በኃይል መርገጥም ሆነ መሪውን ማጣመም ያባብሰዋል። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግርን ከነዳጅ ላይ ቀስ ብሎ ማንሣት፣ ሲረጋጋም ቆሞ ጭነቱን ማስተካከል ይገባል።

ከጭነቱ በላይ ሰው መጫን ግን በምንም ሁኔታ ሊፈቀድ አይገባም። የውቂያ ሠራተኞች በማሽኑ ወይም በጆንያው ላይ ተቀምጠው ሲጓዙ ማየት የተለመደ ነው። መንጠቆው ቢለቅ ወይም ተሳቢው ቢገለበጥ ከሥሩ የሚውሉት እነሱ ናቸው።

ዳገትና ቁልቁለት

የክልላችን መልክዓ ምድር ለጎታች መኪና ከባድ ፈተና ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይባላል፤ ከድልድዩ ወደ ደጀን ደግሞ ያንኑ ያህል ይወጣል። የሊማሊሞና የጣርማ በር ቁልቁለቶችም በሹፌሮች ዘንድ የታወቁ ናቸው።

ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወረድ ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ሸራው ይግላል፤ ሲግልም የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ፣ ዘይቱ ያረጀና እርጥበት የሳበ ከሆነ፣ ይፈላል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ቢረገጥ ዝም ብሎ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። የፍሬን ዘይት “አልጎደለም” ተብሎ ለዓመታት መተው የሌለበት ለዚህ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት።

መፍትሔው ከቁልቁለቱ በፊት ይጀምራል። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ የወጣ መኪና ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ማርሽ ይውረድ። ማርሹ የሚመረጠውም መኪናው ከመንደርደሩ በፊት ነው። ሞተሩ መኪናውን ወደ ኋላ ሲይዝ ፍሬኑ ያርፋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሽ አውጥቶ መውረድ በጥቂት ጠብታ ናፍጣ ሕይወትን እንደ መሸጥ ነው። ፍጥነትም ቀላል ነገር አይደለም፤ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

ዳገቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የሚሠራ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ አብሮት የለም። ተርቦ ያለው የሚያጣው ከዚህ ያነሰ ነው።

የውቂያ ቦታ ጠላቶች

በአውድማ የሚውል ፒክአፕ ከአስፋልት መኪና የተለየ ጠላት አለው፤ እሱም ገለባና አቧራ ነው። ገለባ በራዲያተሩ ፊት ተለጥፎ አየር ይከለክላል። ሞተሩ ዳገት ላይ የሚግለው አንዳንድ ጊዜ ውኃ ጎድሎበት ሳይሆን መተንፈሻ አጥቶ ነው። በውቂያ ወቅት ማታ ማታ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ራዲያተሩን ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በአየር ወይም ኃይል በሌለው ውኃ ማጽዳት ይገባል። የአየር ፊልትሮውም በየቀኑ ወጥቶ ይታይ። የናፍጣ ፊልትሮው ውኃ ማጠራቀሚያ ካለው፣ በተለይ ናፍጣ በበርሜል በሚቀዳበት አካባቢ፣ ውኃው ቶሎ ቶሎ ይውጣ።

ተሳቢ መጎተት በፋብሪካ መመሪያ “ከባድ ሥራ” ተብሎ የሚመደብ ነው። የሞተር ዘይት ለቀላል ሥራ ከተጻፈው ቀድሞ፣ ለብዙዎቹ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጣል። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይትም መረሳት የለበትም። ታይሚንግ ቺንጋ ያላቸው ሞተሮች ቺንጋቸው በመመሪያው በተጻፈው ኪሎ ሜትር፣ ብዙ ጊዜ በ100,000፣ መለወጥ አለበት። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ተጋጭተው ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ሊያበላሹት ይችላሉ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ ማስረጃ ካላገኘ፣ እንዳልተለወጠ ቆጥሮ ይነሣ።

የተረሳው ተሳቢ

ፒክአፑ ጋራዥ ሲገባ ተሳቢው ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል፤ ሞተር ስለሌለው ጥገና የሚያስፈልገው አይመስልም። መንገድ ላይ ከሚያስቆሙ ብልሽቶች ብዙዎቹ ግን ከእሱ ይነሣሉ።

ኩሽኔታዎቹ ከእያንዳንዱ የሥራ ወቅት በፊት ተፈትተው፣ ታጥበው፣ አዲስ ግራሶ ሊገባላቸው ይገባል። ከጉዞ በኋላ የግለ ኩሽኔታ ወዲያው ወንዝ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዝና ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ወንዝ ከመሻገር በፊት ጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ ይጠቅማል። ከተነሡ 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆሞ እጅን ወደ ጎማው መሃል በጥንቃቄ ማስጠጋትም ቀላል ምርመራ ነው። አንዱ ከሌላው እጅግ ከጋለ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ታሟል።

ጎማ በመንገድ ብቻ ሳይሆን በፀሐይም ያልቃል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ሊሆን ይችላል። በጎኑ ላይ የታተሙት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ይናገራሉ፤ ለምሳሌ “2319” ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎማ ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ዳዶዎቹ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ እንደገና ይጠበቁ።

መንጠቆው ከሻንሲው ጋር በተገቢ ቡሎን የታሰረ እንጂ በመከላከያው ብረት ላይ የተበየደ መሆን የለበትም። ሁለት የመጠባበቂያ ሰንሰለቶች በመንጠቆው ሥር ተመሳቅለው ከታሰሩ፣ መንጠቆው ቢለቅ እንኳን የተሳቢው አፍንጫ መሬት ሳይነካ ይያዛል። የኋላ መብራት፣ የፍሬን መብራትና ፍሬቻም መሥራት አለባቸው። ማታ ከአውድማ የሚመለስ መብራት አልባ ተሳቢ ከኋላው ለሚመጣው ሹፌር የማይታይ ግድግዳ ነው።

ጥገናው ከገቢው ላይ ይቀነስ

የብዙ ማኅበራት ችግር ገቢ ማጣት ሳይሆን ገቢውን ሁሉ ትርፍ አድርጎ መከፋፈል ነው። የስድስቱን ጎማ ዋጋ፣ ማለትም የፒክአፑን አራትና የተሳቢውን ሁለት፣ ጎማዎቹ በሚቆዩበት ኪሎ ሜትር ማካፈል ይቻላል። ዘይቱን፣ የፍሬን ሸራውን፣ ፍሪሲዮኑንና ቺንጋውንም በዚሁ መንገድ አስልቶ መደመር ነው። ድምሩ መኪናው በአንድ ኪሎ ሜትር የሚበላውን የጥገና ወጪ ያሳያል። ያ ገንዘብ ከእያንዳንዱ ቀን ገቢ ላይ ተነሥቶ በተለየ የባንክ ሂሳብ ቢቀመጥ፣ ጎማ ሲያልቅ ብድር ፍለጋ አይኬድም። መኪናውን በኃላፊነት የሚይዝ አንድ ሹፌርና ኪሎ ሜትሩ፣ ዘይቱና ጥገናው የሚመዘገብበት አንድ ደብተርም ያስፈልጋሉ።

የወረዳ ጽህፈት ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ለማኅበራት የመውቂያ ማሽን ወይም ተሳቢ በብድር ሲቀርብ፣ የራሱ ፍሬን፣ ሰንሰለትና መብራት እንዲኖረው በግዥ መስፈርቱ ላይ መጻፍ ይቻላል። የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ የተደነገገ ግዴታ በመሆኑ፣ የመድን ውሉ ተሳቢውንም የሚሸፍን መሆኑን ማኅበራቱ እንዲያረጋግጡ ማሳሰብ ይገባል። ሹፌሩ የያዘው መንጃ ፈቃድ ተሳቢ ለመጎተት የሚያስችል ስለመሆኑም ከትራንስፖርት ጽህፈት ቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ በጥቅምት፣ ውቂያው ከመጀመሩ በፊት፣ በአቅራቢያ ካለ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጋር በመተባበር አንድ የምርመራ ቀን ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

ሹፌሩም ጠዋት ከመነሣቱ በፊት አምስት ደቂቃ ይስጥ፤ ዘይትና ውኃ፣ የፍሬን ፔዳል፣ ጎማና ዳዶ፣ መንጠቆና ሰንሰለት፣ መብራትና ጭነት። “ሳይቃጠል በቅጠል” እንዲሉ፣ በአውድማው ላይ ያልታየው ጉድለት ቁልቁለቱ ላይ መታየቱ አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ ቆሞ ለማየት ጊዜ የለም።