የናዲያ ገበሬና ባዶው ወረቀት

ገበሬዎች ሆይ! ናዲያ የሚባለውን አገር ታውቁታላችሁ? በህንድ፣ በምዕራብ ቤንጋል ያለ አውራጃ ነው። መሬቱ ሜዳ ነው። የጋንጀስ ወንዝ ቅርንጫፍ የሆነው ባጊራቲ ደለል ያለብሰዋል። ሕዝቡ ሩዝ ያመርታል። የጉርኒ ሠፈር ባለእጆችም ገበሬውንና ሸማኔውን በጭቃ አስመስለው ይሠራሉ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1757 የእንግሊዝ ነጋዴዎች ጦር እዚሁ ናዲያ ውስጥ፣ ፕላሲ ላይ ድል አደረገ። ቤንጋልም በእጃቸው ገባች። በኋላ የእንግሊዝ ከበርቴዎች ገበሬውን ኢንዲጎ አስዘሩት። ኢንዲጎ ሰማያዊ ቀለም የሚወጣው ተክል ነው፤ አይበላም። ለሩዝ የሚሆነውን ደህና መሬት ያዘ።

ታዲያ ገበሬው ለምን ዘራ? ብር አበደሩት። ማንበብ ስለማይችል ባዶ ወረቀት ላይ አስፈረሙት። ኋላ ያሻቸውን ጻፉበት። ዕዳው ካባት ወደ ልጅ ተላለፈ።

በ1859 የናዲያ ገበሬዎች ኢንዲጎ አንዘራም ብለው ተነሡ። ዲጋምባር ቢስዋስና ቢሽኑቻራን ቢስዋስ መሯቸው። በ1860 አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ገበሬው ተገዶ እንዳይዘራም ተወሰነ። በዚያው ዓመት ዲናባንዱ ሚትራ ስለ ግፉ የጻፈው «ኒል ዳርፓን» የተባለ ቴአትር ታተመ። ትርጉሙ «የኢንዲጎ መስተዋት» ማለት ነው።

እናንተም ወረቀት ሲቀርብላችሁ በፊት አንብቡ፤ ከዚያ ፈርሙ። ባዶ ወረቀት ላይ ግን ከቶ አትፈርሙ!