ሐይቅ ሲሞላ መሬት ለምን ይንቀጠቀጣል?
የወለጋ ገበሬ ማኅበራት መሪዎች ሊያውቁትና ሊመዘግቡት የሚገባ ጉዳይ

ነቀምቴ፤ ወለጋ የወንዝ አገር ነው። ደዴሳ፣ አንገር፣ ፊንጫና ዳቡስ ከደጋው እየተነሡ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ይህ ውኃ ለብዙ ዘመን የገበሬውን አፈር ተሸክሞ ሲሄድ ከመኖሩ በስተቀር የሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነበር። የፊንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ሁኔታው ተለውጧል። የጮመን ረግረግ ሐይቅ ሆነ። ከሐይቁ የሚወጣውም ውኃ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ የመብራት ኃይል ያመነጫል፤ በሸለቆው ውስጥ ደግሞ የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል። በኋላም የአመርቲ ወንዝ ተጠልፎ ከሐይቁ ጋር ተቀላቀለ፤ የነሼም ግድብ ተሠራ። የወለጋ ወንዞች በሚገቡበት በዓባይ ታችኛው ሸለቆ፣ በጉባ፣ ቁመቱ 145 ሜትር የሆነውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

ግድብ በተሠራበት አገር ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይኸውም፣ ይህን ያህል ውኃ በአንድ ቦታ ሲጠራቀም መሬቱ ይችለዋል ወይ? የሚል ነው። ጥያቄው የፍርሃት ጥያቄ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ሳይንስም ሲያጠናው ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የገበሬ ማኅበር መሪም አባላቱ ሲጠይቁት የሚመልሰው ሊኖረው ይገባል።

የፈንታሌው መንቀጥቀጥና የተነዛው ወሬ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በታኅሣሥና በጥር እየበረታ ሄዶ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። የካቲት 7 ቀን የደረሰው ደግሞ በመለኪያው 6 ሆኖ ተመዘገበ። ቤቶች ፈረሱ፣ መንገድ ተሰነጠቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ።

በዚያው ሰሞን አንዳንድ የውጭ አገር ተናጋሪዎች የመንቀጥቀጡ ምክንያት የሕዳሴው ግድብ ነው እያሉ ማውራት ያዙ። ይህ ከእውነት የራቀ ነው። ከግድቡ እስከ ፈንታሌ ያለው ርቀት ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የሐይቅ ክብደትና ግፊት ደግሞ መሬትን የሚነካው በአካባቢው እንጂ ይህን ያህል ርቆ አይደለም። በፈንታሌ መሬቱን ያናወጠው ከከርሰ ምድር የተነሣ ቅልጥ ዓለት በስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች ውስጥ እየሰረገ በመግባቱ ነው። ተመሳሳይ ነገር በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ ተከስቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት ተከፍቷል። ያን ጊዜ በጉባ ግድብ አልነበረም። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው፣ በ1961 ዓ.ም. ሰርዶን ያጠፋው መንቀጥቀጥም ከግድብ ጋር ግንኙነት የለውም።

ሆኖም ወሬው ሐሰት ስለሆነ ብቻ፣ ግድብ ከቶ መሬት አያንቀጠቅጥም ማለት ሌላ ስሕተት ይሆናል። ሰው በሥራው የመሬት መንቀጥቀጥ የቀሰቀሰባቸው ቦታዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ከግድብ ሐይቅ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ውኃ መሬትን እንዴት ያንቀጠቅጣል?

ከእግራችን በታች ያለው ዓለት አንድ ወጥ አይደለም፤ በብዙ ቦታ የተሰነጠቀ ነው። የስንጥቁ ሁለት ጎኖች ተጣብቀው ይገፋፋሉ። ጉልበቱ ለሺህ ዓመታት ይጠራቀማል። ጎኖቹ የሚይዙት በመፋተጋቸው ነው፤ መያዣው የላላ ዕለት ድንገት ይንሸራተታሉ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚባለውም ይኸው ነው።

ገበሬው ይህን በተዳፋት ማሳው ላይ በየክረምቱ ያየዋል። በበጋ ተዳፋቱ ላይ ጸንቶ የቆመ ትልቅ ድንጋይ፣ ሐምሌ ላይ አፈሩ ሲርስ ተንሸራቶ ይወርዳል። ድንጋዩን ያከበደው ዝናቡ አይደለም፤ መያዣውን ያላላው ግን ዝናቡ ነው። የግድብ ሐይቅም እንዲሁ ነው። አንደኛ፣ በክብደቱ መሬቱን ይጫናል። ሁለተኛ፣ ውኃው በግፊት ወደ ስንጥቁ ሰርጎ ሁለቱን ጎኖች ያላቅቃል። ስለዚህ ሐይቁ ጉልበቱን አይፈጥረውም፤ ቀድሞ የተጠራቀመውን ጉልበት ከጊዜው በፊት ይለቀዋል። ስንጥቅ በሌለበት ወይም ጉልበት ባልተጠራቀመበት ቦታ ሐይቁ ቢሞላም ምንም ላይሆን ይችላል። ከዓለም ግድቦች አብዛኛዎቹ ምንም መንቀጥቀጥ ያላስከተሉትም ለዚህ ነው።

የጊዜው ነገርም መታወቅ አለበት። አንዳንዱ መንቀጥቀጥ ሐይቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ወዲያው ይመጣል። አንዳንዱ ግን ውኃው ወደ ጥልቅ እስኪሰርግ ዓመታት ይፈጃል።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

በአፍሪካችን የታወቀው ምሳሌ በዛምቢያና በዚምባብዌ ድንበር ላይ ያለው የካሪባ ግድብ ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1959 ተሠርቶ ሐይቁ በ1963 ሲሞላ፣ በዚያው ዓመት በመለኪያው ከ6 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። ግድቡ ግን ዛሬም ቆሞ ይሠራል።

ከሁሉ የከፋው በሕንድ አገር በኮይና የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1967 ቁመቱ 103 ሜትር በሆነው ግድብ አጠገብ በመለኪያው 6.3 የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሥቶ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ግድቡ ተሰነጠቀ እንጂ አልፈረሰም፤ በኋላም ተጠናከረ። ሰው የጨረሰው ከግድቡ የወጣ ውኃ ሳይሆን የፈረሰ ቤት ነው። የኮይና ሐይቅ ከካሪባ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ የሐይቁ ትልቅነት ብቻ አደጋውን አይወስንም።

ግድብ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ አጠገብ አንድ የጦር ኬሚካል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ቆሻሻ ፈሳሹን ከ3,600 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ይጨምር ነበር። ከተማው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በ1966 ሥራው ቢቆምም፣ ትልልቆቹ መንቀጥቀጦች የመጡት በሚቀጥለው ዓመት ነው። አንድ ጊዜ ወደ ስንጥቁ የገባ ግፊት ወዲያው አይወጣምና።

በኔዘርላንድስ አገር በግሮኒንገን ደግሞ የተፈጥሮ ጋዝ ለብዙ ዓመታት ከመሬት ውስጥ ስለወጣ መሬቱ እየሰመጠ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በመለኪያው ሲታይ ትንሽ ነበር፤ በ2012 የደረሰው ትልቁ 3.6 ነው። ነገር ግን ብዙ ሺህ ቤቶች ተሰነጠቁ። ባለቤቶቹ ስንጥቁ የመጣው ከጋዙ ሥራ መሆኑን እንዲያስረዱ ይጠየቁ ስለነበር ካሣ ለማግኘት ብዙ ተንገላቱ። በመጨረሻ ሕጉ ተለወጠ። በአካባቢው የታየ የዚህ ዓይነት ጉዳት ሌላ ምክንያት እንዳለው ካልተረጋገጠ በስተቀር ከጋዙ ሥራ እንደመጣ እንዲቆጠር ተደረገ። ጋዙን ማውጣትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ቆመ።

የወለጋ ሁኔታ

ወለጋ ከስምጥ ሸለቆው ርቆ በጥንታዊ ጠንካራ ዓለት ላይ የተቀመጠ ስለሆነ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ አደጋው ከአፋርና ከአዋሽ ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። የፊንጫም ግድብ እንደ ካሪባና እንደ ኮይና ከፍ ያለ አይደለም። ውኃው ጥልቅ ካልሆነ ወደ ስንጥቅ የሚገፋው ኃይልም ያንሳል። በዚህ ረገድ የወለጋ ገበሬ በሥጋት እንቅልፍ የሚያጣበት ምክንያት የለም።

ቢሆንም መሬቱ ፈጽሞ ስንጥቅ የለበትም ማለት አይደለም። የሥነ ምድር ሊቃውንት የየረር–ቱሉ ወለል መስመር የሚሉት የስንጥቆችና የጥንት እሳተ ገሞራዎች ሰንሰለት፣ ከአዲስ አበባ አጠገብ ከየረር ተራራ ተነሥቶ በአምቦ በኩል ወደ ምዕራብ እስከ ቄለም ወለጋው ቱሉ ወለል ተራራ ይዘልቃል። የአምቦ ፍል ውኃም የሚገኘው በዚሁ መስመር ላይ ነው። በተጨማሪም ከደጋው ወደ ዓባይና ወደ ደዴሳ የሚወርዱት ገደሎች ቁልቁለታቸው የበረታ ስለሆነ፣ ትንሽ መንቀጥቀጥ እንኳ በክረምት የራሰውን ተዳፋት ሊያንሸራትት ይችላል። የቤቱም ሁኔታ መታሰብ አለበት። በወለጋ፣ በተለይም በመንዲ አካባቢ፣ ምስጥ የቤት ጠላት መሆኑን የማያውቅ የለም። በጥሩ ማገር የተያያዘ የእንጨትና የጭቃ ቤት መሬት ሲንቀጠቀጥ እየተወዛወዘ ይችለዋል። ምሰሶውን ከሥሩ ምስጥ የበላው ቤት ግን ከላይ ደኅና መስሎ ቆሞ በትንሽ ንቅናቄ ይወድቃል።

ከገበሬ ማኅበር መሪዎች የሚጠበቀው

አንደኛ፣ መዝገብ መያዝ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆየበት ጊዜ፣ የተሰማበት መንደር፣ የወደቀው ዕቃና የተሰነጠቀው ግድግዳ በዚያው ዕለት ይጻፍ። የምንጭ ውኃ ከደፈረሰ፣ ከደረቀ ወይም ከጨመረ ይመዝገብ። ግድብ አጠገብ ያሉ ማኅበራት የሐይቁ ውኃ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን አብረው ይጻፉ፤ ሊቃውንት መንቀጥቀጡ ከሐይቁ ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚለዩት ሁለቱን በማስተያየት ነውና። ከጽሑፉ አንድ ቅጂ ለወረዳው፣ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለጂኦፊዚክስ፣ የሕዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ቢላክ ጥቅም ላይ ይውላል። የኢንስቲትዩቱ መሠረት የሆነውን የምርምር ጣቢያ ያቋቋሙት ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመውን የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሲያዘጋጁ፣ መሣሪያ ያልነበረበትን ዘመን ያወቁት ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች ማስታወሻ ነው። ያልተጻፈው ግን ከሰሚዎቹ ጋር አልፏል።

ሁለተኛ፣ የድንጋይ ካባ ፈንጂን ከመሬት መንቀጥቀጥ መለየት ነው። ፈንጂ ብዙውን ጊዜ በቀን፣ በታወቀ ሰዓት ይፈነዳል፤ ድምፁ ከአንድ አቅጣጫ ይሰማል፤ ንቅናቄውም ወዲያው ያበቃል። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ሌሊትም ቀንም ይመጣል፤ በሰፊ አገርም ይሰማል። በካባ ወይም በማዕድን ሥራ አጠገብ ያለ ማኅበር ሥራው ከመጀመሩ በፊት የቤቶቹን ሁኔታ ከድርጅቱ ወኪል ጋር አብሮ አይቶ ቢፈራረም፣ በኋላ ስንጥቁ የቆየ ነው፣ አዲስ ነው በሚል ክርክር አይጉላላም። የግሮኒንገን ሰዎች የተንገላቱት በዚሁ ክርክር ነው።

ሦስተኛ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ሕዝቡ በሚሠራው ሥራ ላይ አስተያየቱን እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለ ግድብ ወይም ስለ ማዕድን በሚጠራ ስብሰባ ላይ መሪው እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ይቅረብ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ መሣሪያ ሐይቁ ከመሞላቱ በፊት ይተከላል ወይ? ውጤቱን ለሕዝቡ የሚያሳውቅ ማን ነው? ውኃ በድንገት የሚለቀቅ ቢሆን ከግድቡ በታች ያሉ መንደሮች በምን ምልክት ያውቃሉ? ወደ የትኛውስ ከፍታ ይወጣሉ?

አራተኛ፣ ቤትና ትምህርት ቤት መጠበቅ ነው። በየዓመቱ በበጋ ምሰሶዎች ከሥራቸው ተቆፍረው ይታዩ፤ ምስጥ የበላቸው ይለወጡ። በድንጋይና በጭቃ ብቻ የሚሠራ ግድግዳ ከላይ ዙሪያውን በእንጨት ወይም በብረትና በሲሚንቶ ማሰሪያ ይያያዝ። ከባድ ዕቃ ከመኝታ በላይ አይሰቀል። አዲስ ቤት ከገደል አፋፍና ከተሰነጠቀ ተዳፋት ይራቅ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ልጆች ሳይገፋፉ መውጣትን ይለማመዱ። በር አጠገብ ያለ ሰው ወደ ሜዳ ይውጣ፤ መውጣት ያልቻለ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራሱን ይከላከል። መንቀጥቀጡ ሲያቆም የምድጃው እሳት ይጥፋ፤ የተሰነጠቀ ቤት ሳይታይ ማንም አይግባበት፤ ሌላ መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላልና።

አምስተኛ፣ ወሬን በእውነት መመለስ ነው። መሬቱ የተንቀጠቀጠው በግድቡ ነው ለሚል፣ ርቀቱ ስንት ነው? ሐይቁ ያን ጊዜ እየሞላ ነበር ወይ? ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ግድብ ከቶ ምንም አያደርግም ለሚልም የኮይናን ታሪክ መንገር ያስፈልጋል።

ግድቡ ለአገር ብርሃን ይሰጣል፤ ከግድቡ አጠገብ የሚኖረው ገበሬ ደግሞ በሰላም ተኝቶ የማደር መብት አለው። ሁለቱ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። መለኪያ መሣሪያ በመሐንዲሱ እጅ ነው፤ መዝገቡና ምሰሶው ግን በገበሬ ማኅበሩ እጅ ናቸው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና በበጋ አንድ ቀን ዶማ ይዞ መውጣት ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል።