ከፍትፍቱ ፊቱ፦ በትንሽ ገንዘብ ትዳርን ማሞቅ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባልና ሚስት ሆናችሁ፣ ልጆች ሳያቋርጧችሁ፣ ስልክ ሳይጠራ፣ ስለ ማሽካንታ ወይም ስለ መብራት ሒሳብ ሳታነሡ፣ ሁለታችሁ ብቻ አንድ ሰዓት አብራችሁ የተቀመጣችሁት መቼ ነው? ባለፈው ሳምንት ከሆነ እሰየው፤ ይህን ጽሑፍ ለጎረቤት አሳልፉት። “ኧረ እኔ እንጃ” ካላችሁ ግን ጽሑፉ የእናንተ ነው።

ይህን ጥያቄ ለወዳጆቼ ሳነሣ “መምህር፣ ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?” ይሉኛል። እውነት አላቸው። ሁለት ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ዋና ምግብ ከመጠጥ ጋር ሲያዝ፣ ልጅ ለሚጠብቅ ሰው የሚከፈለውና የመንገዱ ወጪ ሲጨመርበት፣ በዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ለሚሠራ ሰው የአንድ ሙሉ ቀን ድካም ሄደ ማለት ነው። ባንክ ውስጥ ሚኑስ ላለበት ቤተሰብ ይህ አዲስ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

ስለዚህ ብዙዎቻችን “ሲተርፈን” እያልን እናቆየዋለን። ማሽካንታው ሲያልቅ፣ ትልቁ ልጅ ከጦር ሠራዊት ሲወጣ፣ ትንሿ ስትዳር። ማሽካንታ ደግሞ 25 ዓመት፣ 30 ዓመት ይሄዳል። ትዳር እስከዚያ ድረስ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

አገር ቤት ያልነበረ ችግር

“አባትና እናታችን መቼ ቀጠሮ ይዘው ወጡ?” የሚል አለ። አልወጡም፤ አያስፈልጋቸውምም ነበር። ሥራው ራሱ ያገናኛቸው ነበር። እሱ ሸማኔ ከሆነ ጥጡን የምትፈትልለት እሷ ናት። እሱ መወርወሪያውን ሲያመላልስ እሷ አጠገቡ እንዝርት ታሾራለች። በአዝመራ ጊዜ አንድ ማሳ ላይ ናቸው፤ ማታ አንድ ምድጃ ዳር ናቸው። ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል፣ ሥራው ይቆማል፣ ሰንበት ይገባል።

እዚህ ግን ሥራው ይለያየናል። እሱ ሌሊት ጥበቃ ወይም ፋብሪካ ያድራል፤ እሷ ጎሕ ሳይቀድ ለጽዳት ወይም አረጋዊ ለመንከባከብ ትወጣለች። አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል፤ በር ላይ ቁልፍ ይቀባበላሉ። ስልካቸውን ብታዩት መልእክቱ “ልጁን ከጋን ውሰደው”፣ “ወተት የለም”፣ “አርኖናው ተከፈለ ወይ?” የሚል ነው። ክፉ ቃል የለበትም። ደግ ቃልም የለበትም። ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ ሳሎኑ ውስጥ የሚቀሩት የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ይሆናሉ። አገር ቤት ሳናስብበት ይገኝ የነበረውን እዚህ አስበን፣ ቀን ቆርጠን ማግኘት አለብን የምለው ለዚህ ነው።

“ይህ የፈረንጅ ነገር ነው” ለምትሉ

ብዙ እናቶቻችን ባላቸውን በስሙ አይጠሩም ነበር፤ “አንቱ” ይሉታል፣ ወይም “የእገሌ አባት” ይሉታል። ባልም ሚስቱን በሰው ፊት ቢያቆላምጥ ነውር ነው። ሆኖም ፍቅር ነበረ፤ በእጅ ይነገር ነበር እንጂ በአፍ አይነገርም ነበር።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝና ኦሪት ልጥቀስ። ለይስሐቅ ሚስት ሊያመጣ የተላከው የአብርሃም ሎሌ አሥር ግመል ይዞ ሄደ። ርብቃን ጉድጓድ ዳር ሲያገኛት የወርቅ ጌጥና አሥር ሰቅል የሚመዝን ሁለት የወርቅ አምባር አወጣላት። ያዕቆብ ግን ከወንድሙ ሸሽቶ በትሩን ብቻ ይዞ መጣ። እሱም ጉድጓድ ዳር ደረሰ፤ ራሔልን አያት። ምን ይስጣት? የሚሰጣት የለውም። እረኞቹ ተሰብስበው የሚያነሡትን ድንጋይ ብቻውን አንከባለለና በጎቿን አጠጣላት። በዘፍጥረት ምዕራፍ 29 የተጻፈ ነው።

ልብ በሉ። ያዕቆብ ያነሣው ጉልበቱን ለማሳየት የመረጠውን ድንጋይ አይደለም። እሷ የምትፈልገው ውኃ የነበረው ከዚያ ድንጋይ ሥር ነው። ትልቅ ስጦታ ማለት ይኸው ነው፤ የትዳር ጓደኛችሁ ላይ የተጫነው የትኛው ድንጋይ እንደሆነ አውቃችሁ እሱን ማንሣት።

በዘዳግም ምዕራፍ 24 ደግሞ አዲስ ያገባ ሰው አንድ ዓመት ወደ ጦር እንዳይወጣ፣ በቤቱ ተቀምጦ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ታዟል። የተሰጠው ጊዜ ነው። ስለ ገንዘብ የተባለ ነገር የለም።

አገር ቤት ሳለን የማናውቀው፣ እዚህ መጥተን የተማርነው በዓልም አለ። ቱ በአቭ፣ የአቭ ወር 15ኛው ቀን፣ ዛሬ የፍቅር ቀን ተብሎ አበባና ቸኮሌት ይሸጥበታል። ጥንት ግን፣ በሚሽና በታዓኒት ክፍል እንደተጻፈው፣ የኢየሩሳሌም ልጃገረዶች ነጭ ልብስ ለብሰው ወደ ወይን ቦታዎች ወጥተው ይጨፍሩ ነበር። ልብሱ ሁሉ የውሰት ነው። ያላትም ትዋሳለች፣ የሌላት እንዳታፍር። እንግዲህ የፍቅር በዓሉ ከመሠረቱ የተሠራው የድሀ ልጅ እንዳታፍር ተደርጎ ነው። ቀኑም የወሩ እኩሌታ ስለሆነ ጨረቃዋ ሙሉ ናት፤ እሷን ለማየት ማንም አያስከፍልም።

መጀመሪያ ቀን ቁረጡ

በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ለሐኪም ቶር እንደምትይዙ ያዙት፤ አትሰርዙት። ማታ ካልተመቸ ጠዋት ይሁን። እሱ ከሌሊት ሥራ የተመለሰበት፣ እሷ ዕረፍት ያላትና ልጆቹ ትምህርት ቤት የገቡበት ጠዋት ከተገኘ፣ ትንሽ ካረፈ በኋላ ያለችው ሰዓት ከየትኛውም ማታ ትበልጣለች።

ልጅ የሚጠብቅ የለም? አገር ቤት ለአረምና ለአጨዳ ወንፈል እንገባ አልነበረም? እዚህም ከእህት ወይም ከጎረቤት ጋር ወንፈል ግቡ። ዛሬ እነሱ የእናንተን ልጆች ይያዙ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እናንተ የእነሱን። አያትን ሁልጊዜ አታስቸግሩ፤ አያትም ከአያት ጋር ቁጭ ብላ መጫወት ያምራታል።

የት እንሂድ?

ቡናውን ወይም ሻይውን በፔርሙዝ፣ ቆሎውን ወይም ዳቦ ቆሎውን በፌስታል ያዙና ውጡ። ናታንያ፣ አሽዶድ፣ አሽቀሎን ያላችሁ ባሕሩ የእናንተ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ አሸዋው ላይ ነጠላ ዘርግቶ ለመቀመጥ የሚከፈል የለም። ናታንያ ውስጥ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ገደማ ሐምራዊው ኢሪስ የሚያብብበት ጥብቅ ቦታ አለ። አፉላ ያላችሁ በማርች ወደ ጊልቦዓ ተራራ ውጡ፤ እዚያም የራሱ ኢሪስ አለው። በፌብሩዋሪ ደግሞ በሰሜን ኔጌቭ ካላኒት ሜዳውን ቀይ ያደርገዋል። ካላኒት በ2013 የአገሪቱ አበባ ሆና ተመርጣለች። እነዚህ አበቦች በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ አይቀጠፉም። ስለዚህ አበባውን ወደ እሷ ማምጣት አይቻልም፤ እሷን ወደ አበባው መውሰድ ይቻላል።

ራምላና ሎድ ላላችሁ የቤን ሸመን ደን ቅርብ ነው፤ ቀረን ቀየመት ያስቀመጣቸው ጠረጴዛዎች ዛፉ ሥር አሉ። ቤር ሼቫ ላላችሁ የናሐል ቤር ሼቫ መናፈሻ አለ። ኢየሩሳሌም ያላችሁ ደግሞ አርሞን ሐነጺቭ ታየሌት ላይ ቁሙ። ያን ቦታ የምናውቀው በስግድ ቀን፣ ከሕዝብ ጋር ነው። አንድ ተራ ማታ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ የአሮጌዋን ከተማ መብራት እዩት። ወላጆቻችሁ ስንት ዘመን የናፈቁትን አገር አብራችሁ ታያላችሁ፤ ሌላ የሚወራ ብታጡ ስለ እነሱ ታወራላችሁ።

ቡናውን እሱ ያፍላ

ክረምት ሲሆን፣ ወይም መውጣት ሲያታክት፣ ቤት ውስጥ ይሁን። ግን ለዚያ ቀን ቡናውን ባልየው ያፍላ። ማጠቡን፣ መቁላቱን፣ መቅዳቱን፣ በመጨረሻም ሲኒ ማጠቡን እሱ ይሥራ። እሷ እግሯን ዘርግታ ትቀመጥ። “ሰው ምን ይለኛል?” የምትል ወንድሜ፣ በሩን ዝጋው፤ የሚያይህ ሚስትህ ብቻ ናት። ቡናው ቢያርብህ ደግሞ አብራችሁ ትስቃላችሁ።

ጨዋታ ለሚጠፋባችሁ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። በአቦል ጊዜ እያንዳንዳችሁ በሳምንቱ ያደከማችሁን አንድ ነገር ተናገሩ፤ የሚሰማው ምክር አይስጥ፣ ዝም ብሎ ይስማ። በቶና ጊዜ አንዳችሁ ሌላችሁ ያደረገላችሁን አንድ ደግ ነገር አንሡ። በበረካ ጊዜ ወደፊት አብራችሁ ልታደርጉት የምትፈልጉትን አንድ ነገር ተነጋገሩ። ሦስቱ ሲኒ ሲያልቅ፣ አንድ ወር ሙሉ በስልክ ያልተባባላችሁትን ተባብላችኋል።

የየዕለቱን ድንጋይ ማንሣት

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባልና ሚስት ለዕርቅ ሲመጡ መጀመሪያ ስለ ጠቡ አይጠይቅም ነበር። ባልየውን “በዚህ ሳምንት በምን አሳረፍካት?” ይለዋል። ሚስትየውን “በዚህ ሳምንት በምን አከበርሽው?” ይላታል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያቀረቅራሉ። ዕርቁ የሚጀምረው ከዚያ ነበር።

ሁለቱንም ጥያቄ ወደ ዛሬው ኑሯችን ላምጣው። ባሎች፣ ከባንክና ከኢሪያ የሚመጣው የዕብራይስጥ ደብዳቤ የሚያስጨንቃት ከሆነ ከፍታችሁ አንብቡላት፤ ስልኩን እናንተ ደውላችሁ ተራ ጠብቁላት። ከሥራ ሳትመለስ ዕቃው ታጥቦ ይጠብቃት። ሚስቶች፣ ብዙ ወንዶቻችን እዚህ ሲመጡ የተሰበረ ነገር አለባቸው። አገር ቤት ገበሬ፣ ባለ እጅ፣ ሽማግሌ የነበረው ሰው እዚህ ቋንቋው አልታዘዝ ሲለው፣ ልጁ ሲያስተረጉምለት፣ በቤቱ ውስጥ አነሰ። በልጆች ፊት “ይህን ያሰበው አባታችሁ ነው” ማለት አንድ አጎራም አያስወጣም፤ ለእሱ ግን ከአዲስ ልብስ ይበልጥበታል።

መናገር ለሚያሳፍራችሁ ብጣሽ ወረቀት አለ። የምሳ ዕቃው ውስጥ፣ የሥራ ጫማው ውስጥ “ደህና ግባ፣ እጠብቅሃለሁ” ብላችሁ ጻፉ። በአማርኛም በዕብራይስጥም ይሆናል። መጻፍ የማይችል በድምፅ መልእክት ይላክ።

የራሳችሁ ቀን ይኑራችሁ

ብዙ ታላላቆቻችን የተወለዱበትን ቀን አያውቁም፤ መታወቂያው ላይ ያለው ሲገቡ በግምት የተጻፈ ነው። ስለዚህ “መልካም ልደት” ሲባሉ ብዙም አይሰማቸውም። የራሳችሁን ቀን ምረጡ። ወደዚህ አገር የገባችሁበት ቀን ይሁን። በሰሎሞን ዘመቻ፣ ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ሲገባ ከመካከሉ ነበራችሁ? እንግዲያው በየዓመቱ ያን ቀን ቁጭ በሉና አውሮፕላኑ ውስጥ ማን አጠገባችሁ እንደነበረ፣ ምን ይዛችሁ እንደወጣችሁ አውሩ። ያን ጊዜ ገና ያልተጋባችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ አንዳችሁ የሌላችሁን ታሪክ ሙሉውን ሰምታችሁት ላይሆን ይችላል።

ተጠንቀቁ

በዚያች ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለ ገንዘብና ስለ ልጆች ውጤት አይነሣ፤ ለእሱ ሌላ ቀን አለው። ስልክ አውጥቶ ፎቶ እያነሡ ለሰው ማሳየትም ይቅር። ለሠርጋችን ስንት መቶ እንግዳ ጠርተን፣ ብድሩን ለዓመታት የከፈልን አለን፤ ያ ሁሉ ወጪ ለእንግዳ ዓይን ነበር። ይህች ግን ለሁለታችሁ ብቻ ትሁን።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ያስጠይቀኛል። ዛቻ፣ ፍርሃት ወይም ዱላ ያለበት ቤት በቡናና በባሕር ዳር አይድንም። እዚያ የሚያስፈልገው እርዳታ ነው፤ የሚስራድ ሃርቫኻ የስልክ መስመር 118 ነው፣ አስቸኳይ ከሆነ ፖሊስ 100።

አበው “ከፍትፍቱ ፊቱ” ይላሉ፤ ከቀረበው ምግብ ይልቅ ያቀረበው ሰው ፊት ያጠግባል ማለት ነው። በመምህርነቴ ካየሁት ልጨምርላችሁ። ክፍል ውስጥ ልጆችን “ቤታችሁ ደስ የሚላችሁ መቼ ነው?” ብዬ ስጠይቅ ስለ ተገዛላቸው ዕቃ የሚያወሩ አሉ። “አባቴና እናቴ ሲስቁ” የሚሉም አሉ። እነዚህኞቹ ሲናገሩ ሌሎቹ ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

እንግዲህ ጽሑፉን ጨርሳችኋል። መጽሔቱን አስቀምጡና የትዳር ጓደኛችሁን “የሚቀጥለው ሳምንት የትኛው ቀን ይመችሃል? የትኛው ቀን ይመችሻል?” ብላችሁ ጠይቁ። ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።