ጡረታ ደመወዝን እንጂ አስታማሚን አያውቅም

የጡረተኞች ምሬት ሁሉ ስለ ዳቦ ዋጋ አይደለም። አባት ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ልጅ የሐኪም ማስረጃ አንጠልጥሎ ወደ ጡረታ ቢሮ ይሄዳል፤ «በዚህ የሚጨመር የለም» ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ አንዱ ቢሮክራሲውን ይረግማል፣ ሌላው ፈንዱ ባዶ ሆኗል ይላል። የቢሮው ሠራተኛ ግን ያለው አዋጁ ያለውን ነው።

በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 1267/2014ም ሆነ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ 1268/2014 የጤና ጉድለት ጡረታ አበል የሚከፈለው ለጠፋ ደመወዝ ነው። የሕክምና ቦርዱ የሚመልሰው ጥያቄ ሰውየው በሥራው መቀጠል ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ነው። ማን ያጥበዋል፣ ሌሊት ማን ያገላብጠዋል የሚለው አይመለከተውም። በ60 ዓመቱ የወጣ ሰው ደግሞ የሚያጣው ደመወዝ ስለሌለ፣ በ70 ዓመቱ አልጋ ቢይዝ ቦርዱ ዘንድ የሚያቀርበው ጉዳይ የለውም።

ስሌቱ ይበልጥ ያስገርማል። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል፤ ለተጨማሪው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ40 ዓመቱ ዓይኑ የጠፋ፣ 12 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 32.5 በመቶ ይደርሰዋል። 30 ዓመት ሠርቶ በጤና የወጣው 55 በመቶ። ረዳት ለረጅም ዘመን የሚያሻው የትኛው ነው? 10 ዓመት ያልሞላውማ ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል። ጉዳቱ ከሥራው የመጣ ሆኖ ከሥራ ካፈናቀለው ብቻ፣ አገልግሎቱ አጠረ ረዘመ ሳይባል 47 በመቶ አለ። ፋብሪካ ውስጥ የወደቀና መታጠቢያ ቤት የወደቀ ሰው አንድ ዓይነት አስታማሚ እንደሚፈልጉ ሕጉ አያውቅም።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ሲዑድ» የሚሉት የአስታማሚ አበል የሚነሳው ከሌላ ጥያቄ ነው። የጡረታ ዕድሜ የደረሰ ሰው በራሱ ይለብሳል? ይበላል? ይታጠባል? ቤት ውስጥ ይንቀሳቀሳል? ገቢም ይመረመራል። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከፈል ነው፤ በአብዛኛውም ቤት ድረስ በሚመጣ ረዳት ሰዓት ይሰጣል። እዚያ የመድኑ አደጋ ራሱ ጥገኝነት ነው።

እኛ ዘንድ ያንን አደጋ የተሸከመችው ሴት ልጅ ናት። የዕድገት አኃዝ ሲነበብልኝ የማላምንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ የባንክ ሥራዋን ትታ አባቷን የምታስታምም ሴት ላበረከተችው የሀገር ውስጥ ምርቱ ዜሮ ይጽፋል፤ ደመወዟን ግን ይቀንሳል። ወጪ ሳይመዘገብ ሲቀር ችግሩም እንደሌለ ይቆጠራል። በእኔ እምነት የአስታማሚ አበል በአዋጁ ያልገባው ከገንዘብ እጦት ይልቅ በዚህ ነው።

ይግባ ቢባል አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ በሚያዋጡበት ፈንድ ላይ መዋጮ መጨመሩ አይቀርም፤ አሠሪዎች ይጮኻሉ። ወጪው ግን አሁንም አለ፦ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባው የአዋቂ ዳይፐር ብቻውን ስንቱን ጡረታ እንደሚበላ ፋርማሲ የቆመ ያውቀዋል። አበሉ ቢገባም እንኳ ገበሬውና የጉልት ነጋዴዋ በአብዛኛው ከጡረታው ውጭ ናቸው። የከተማ ሴፍቲኔት ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ቢኖረውም፣ መስፈርቱ ድህነትና ሠርቶ ማደር አለመቻል ነው፤ አስታማሚን እሱም አይጠይቅም።