የሕፃናት የንባብ ጅማሮና የጎረቤታሞች ቋንቋ፦ ከፎገራ ሜዳ የተነሣ ምልከታ

1. መነሻ

ከወረታ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የፎገራን ሜዳ አቋርጦና የርብን ወንዝ ተሻግሮ አዲስ ዘመን ሲደርስ፣ የጣራ ገዳም ተራራ ከነደኑ ይታያል። እኔ የተወለድሁትም ፊደል የቆጠርሁትም በዚሁ ሜዳ ዳር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕፃናት ማንበብን እንዴት እንደሚጀምሩ፣ ጅማሮውም ልዩ ልዩ እምነትና ልማድ ባላቸው ጎረቤቶች መካከል ለሚኖረው መግባባት ምን ድርሻ እንዳለው ለማስረዳት ይሞክራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ፣ ሕፃን የሚያነበው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በጆሮው ባጠራቀመው ቋንቋ ነው የሚል ነው። ያን ቋንቋ ደግሞ ብቻውን አላጠራቀመውም፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲጫወት ያገኘው ነው።

2. ከፊደል ገበታ እስከ ዳዊት

በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ከ«ሀ» ጀምሮ ፊደሉን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ባሉት 7 ረድፎች በዜማ ይወርደዋል። ይሁን እንጂ ገበታውን በዜማ የወረደ ሁሉ ፊደል ዐወቀ አይባልም፤ የፊደሉን መልክ ሳይሆን ቦታውን ሸምድዶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ችግር ነባሩ ሥርዐት ያዘጋጀው መፍትሔ አቡጊዳ ነው። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል የፊደላቱም ተራ የድምፁም ረድፍ ስለሚዘበራረቅ፣ ልጁ በዜማው መደገፉ ይቀርና እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ለመለየት ይገደዳል። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ ይከተላል፤ ንባቡም በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም እየተባለ ደረጃ በደረጃ ይጠናል። መድረሻው ዳዊት መድገም ነው።

ሥርዐቱ ፊደልን በማስለየት ረገድ የተሳካለት ነው። ሆኖም ልጁ የሚያነበው ግዕዝ ስለሆነ ትርጉሙን ሳያውቅ ብዙ ዓመት ሊያነብ ይችላል። የሙስሊሙ ጎረቤቱ ልጅም በቁርኣን ትምህርት ቤት የዐረብኛን ፊደል ለይቶ፣ አጥርቶ ሲቀራ ከርሞ ትርጉሙን ላያውቀው ይችላል። ሁለቱ ልጆች የሚለያዩት በፊደሉ ነው፤ የገጠማቸው ነገር ግን አንድ ነው። ድምፁን ይዘዋል፤ ትርጉሙ ገና አልደረሳቸውም።

3. ያልተጻፈው ድምፅ

እኔና የጎረቤታችን ልጅ እንዲህ ሆነን ነበር አንደኛ ክፍል የተገናኘነው። እኔ ከቄስ ትምህርት ቤት፣ እሱ ከቁርኣን ትምህርት ቤት የመጣን ነን። አንድ ቀን መምህራችን በሰሌዳው ላይ «እርሻው ገና ነው» ብለው ጻፉ። እኔ በፊደል ዐዋቂነቴ ተመክቼ ተነሣሁና «ገና»ን እንደ በዓሉ ስም አጥብቄ አነበብሁት። ክፍሉ ሳቀ። የአማርኛን ፊደል ለይቶ ያልጨረሰው ጓደኛዬ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ገና አይደለም፤ ገና ነው» አለኝ። አንባቢ እንደሚያየው፣ እርማቱ በዚህ ገጽ ላይ ሊታይ አይችልም። ጓደኛዬ ያረመኝ በፊደል ሳይሆን በቋንቋው ነበር።

ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «አለ»፣ «ዋና»፣ «ገና» እያንዳንዳቸው በጽሑፍ አንድ፣ በንግግር ሁለት ቃል ናቸው። ሳድሱም አንዳንድ ጊዜ አናባቢ ይይዛል፣ አንዳንድ ጊዜ አይዝም። አንባቢው የሚመርጠው ከዐውዱ ተነሥቶ፣ ቃሉን ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። እንደ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» ያሉት ሞክሼ ፊደላት የሚያስቸግሩት ይበልጡን ጸሓፊውን ነው፤ መጥበቅና መላላት ግን የአንባቢው ፈተና ነው። ስለዚህ የቃላት ሀብቱ የሳሳ ልጅ ፊደሉን ሁሉ ቢለይ እንኳ ንባቡ ይሰናከላል።

4. ከአንድ መንደር ባሻገር

በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል በትክክል ማንበብ አልቻሉም። ለዚህ የመጻሕፍት እጥረትና የክፍል መጨናነቅ ድርሻ ይኖራቸዋል። እኔ የማተኩረው ግን በቋንቋው ላይ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መፍቀዱ ከዚሁ አንጻር ሊታይ ይገባዋል። በአማራ ክልል የአዊ ልጅ በአዊኛ፣ የዋግ ልጅ በኽምጣኛ ማንበብ ሲጀምር፣ ፊደሉ ያው የግዕዝ ፊደል ነው። በራሱ ቋንቋ ፊደሉን ከትርጉም ጋር ያገናኘ ልጅ አማርኛን ሲማር እንደገና ከ«ሀ» አይነሣም። ፊደሉን የያዘው ስለሆነ የሚቀረው ቋንቋውን መልመድ ነው።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ወደ ጣና ዳር መውረድ ይበቃል። በሐይቁ ዙሪያ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው፤ የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቷል። አማርኛን መናገራቸው ግን ከጎረቤት ንቀት አላዳናቸውም። እንግዲህ አንድ ቋንቋ መናገር ብቻውን መግባባትን አያመጣም፤ በዚያ ቋንቋ የሚባለው ነገርም ወሳኝ ነው።

5. ተረትና ጉርብትና

«እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የማይል የሜዳው ልጅ የለም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይመልሳል። እንቆቅልሹና ተረቱ የጋራ ሀብት ናቸው። ለንባብ ትምህርትም ይጠቅማሉ፤ ልጁ አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀውን ተረት በጽሑፍ ሲያገኘው የትኛው ቃል ጠብቆ፣ የትኛው ላልቶ እንደሚነበብ ራሱ ይደርስበታል።

ነገር ግን በሥነ ቃላችን ውስጥ መርዝም አለ። ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ የሌላ እምነት ተከታዩን የሚያዋርዱ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ጥቂት አይደሉም። የሥነ ቃል አጥኚ እነዚህንም ሳይመርጥ ሊመዘግብ ይገባዋል፤ የኅብረተሰቡ ታሪክ ናቸውና። ለሕፃናት የንባብ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ግን መምረጥ ግዴታው ነው። ልጅ መጀመሪያ ያነበበው ዐረፍተ ነገር አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ የሚሰድብ ከሆነ፣ ንባብንና ንቀትን በአንድ ቀን ተማረ ማለት ነው። ተሰዳቢውም ልጅ መጽሐፍ የእሱ ወገን እንዳልሆነ ይረዳል።

6. ማጠቃለያ

ለማጠቃለል፣ ከአቡጊዳ የምንወርሰው ፊደልን በመልኩ የማስለየት ጥበብ አለ፤ ልጆች ከሚጫወቱበት ሜዳ ደግሞ ትርጉሙን እናገኛለን። የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቻችን ተረት ሊሰበስቡ ወደ ገጠር ሲወጡ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ለአንደኛ ክፍል ልጅ የሚሆነውንም ለይተው ቢያመጡ መልካም ነው። እኔን ያረመኝ ልጅ ያን ዕለት ፊደል አልነበረውም፤ የነበረው አብረን የምንጫወትበት አማርኛ ነው። የንባብ ትምህርት ከዚያ ቢጀምር፣ ፊደሉም ጉርብትናውም አብረው ይጸናሉ።